በደብል ጋቢና ፒክአፕ ውስጥ የሰብዉፈር ሳጥን ምርጫና አቀማመጥ፦ የጋቢናው አየርና የከፍታ ድርሻ

አኅጽሮተ ጥናት

የሰብዉፈር ሳጥን ሲመረጥ ልማዱ ከስፒከሩ ስፋትና ከአምፕሊፋየሩ ኃይል መነሣት ነው። በፒክአፕ ጋቢና ውስጥ ግን ውጤቱን አስቀድመው የሚወስኑት ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ከኋላ መቀመጫው ሥር የሚገኘው ክፍት ቦታና በጋቢናው ውስጥ የታመቀው አየር። ይህ ጽሑፍ ለማሳያ በተወሰደ ደብል ጋቢና ላይ ተመሥርቶ የዝግና የባለ መተንፈሻ ሳጥን ባሕርያትን ያነጻጽራል፤ ከፍታ በዝግ ሳጥን ላይ ያለውን ውጤት ያሰላል፤ የአቀማመጥ አማራጮችንም ይመዝናል። ስሌቱ እንደሚያሳየው አነስተኛ ዝግ ሳጥን ከጋቢናው ተፈጥሯዊ ድጋፍ ጋር ይጣጣማል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ያው ሳጥን ከባሕር ጠለል በ24 በመቶ አንሶ ሊሠራ ይችላል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሰብዉፈር፣ ዝግ ሳጥን፣ ባለ መተንፈሻ ሳጥን፣ ጋቢና፣ ሬዞናንስ፣ የአየር ግፊት

1. መግቢያ

የቤት አውቶሞቢል ከኋላው የዕቃ መጫኛ ስላለው ትልቅ የድምፅ ሳጥን የሚቀመጥበት ቦታ አያጣም። ፒክአፕ ይህ የለውም። የጭነት ክፍሉ፣ በተለምዶ ካሶኒ የሚባለው፣ ከጋቢናው ተለይቶ በሻንሲው ላይ ለብቻው የታሰረ ነው፤ በመካከላቸው ላሜራና መስታወት አለ። ስለዚህ በካሶኒው ላይ የተቀመጠ ሰብዉፈር ድምፁን በአብዛኛው ለመንገዱ እንጂ ለተሳፋሪው አይሰጥም። ሁለቱን ክፍሎች በስቶ በማገናኘት የሚሠራው ዘዴም አካሉን ከማዳከሙ በላይ፣ ጋቢናውና ካሶኒው በጉዞ ላይ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ መገናኛው ለውኃና ለአቧራ የተጋለጠ ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ ሳጥኑ ወደ ጋቢናው መግባት አለበት። በጋቢና ውስጥ ግን ትርፍ ቦታ የለም። ለሳጥን የሚወሰደው እያንዳንዱ ሊትር ከተሳፋሪ እግር፣ ከክሪክና ከጎማ መፍቻ ማስቀመጫ ወይም ከመቀመጫው መታጠፊያ የሚቀነስ ነው። ከባድ ዕቃም ሰዎች በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። በመሆኑም ጥያቄው «የትኛው ሳጥን የበለጠ ይጮኻል?» የሚል ሳይሆን «የሚፈለገው ውጤት በስንት ሊትርና በምን ያህል ክብደት ይገኛል?» የሚል ነው።

ለስሌቱ ማሳያ ይሆን ዘንድ የውስጥ ርዝመቱ 2.5 ሜትር፣ የአየር ይዘቱ 3 ሜትር ኩብ የሆነ ደብል ጋቢና ተወስዷል። ስፒከሩ ባለ 10 ኢንች ሲሆን ነጻ ሬዞናንሱ 32 ሄርዝ፣ ጠቅላላ የጥራት መጠኑ (ኪው) 0.45፣ አቻ የአየር ይዘቱ 40 ሊትር፣ የኮኑ ስፋት 330 ሴንቲ ሜትር ካሬ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈቀድለት የኮን ጉዞ 10 ሚሊ ሜትር ነው። አቻ የአየር ይዘት ማለት የመለጠጥ ባሕርዩ ከስፒከሩ ማንጠልጠያ ጋር እኩል የሆነ የአየር መጠን ነው።

2. ጋቢናው የድምፅ ሥርዓቱ አካል ስለ መሆኑ

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። የ40 ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ያህል ስለሆነ በ2.5 ሜትር ጋቢና ውስጥ ሙሉ ሞገድ ሊዘረጋ አይችልም። የጋቢናው ርዝመት ከሞገዱ ግማሽ ጋር እኩል የሚሆነው በ68.6 ሄርዝ ነው። ከዚህ ድግግሞሽ በላይ ሞገዶች በግድግዳዎች መካከል ይመላለሳሉ፤ ከዚህ በታች ግን ኮኑ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አየርን እንደሚገፋ ፒስተን ይሆናል። በመላው ጋቢና ያለው ግፊት በአንድነት ይወጣል፣ ይወርዳል።

በዚህ የግፊት ክልል ውስጥ ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ጋቢናው ከሜዳ ላይ ድምፅ ጋር ሲነጻጸር እስከ 12 ዴሲቤል ድጋፍ ይሰጣል። ይህ አኃዝ የንድፈ ሐሳብ ጣሪያ ነው፤ በተግባር የበር ጎማዎች ያፈስሳሉ፣ ጣሪያውና መስታወቱ ይርገበገባሉ፤ በብዙ ፒክአፖች በኋላ ግድግዳ ላይ የሚገኘው የአየር ማስወጫም ከግፊቱ ይቀንሳል። መስኮት ሲከፈት ደግሞ ድጋፉ በእጅጉ ይወድቃል። ያም ሆኖ የድጋፉ አቅጣጫ ግልጽ ነው፤ ሳጥኑ ሲመረጥ ከሒሳቡ ሊወጣ አይገባውም።

የመጠኑን ግምት ቀላል ስሌት ይሰጣል። የተጠቀሰው ኮን በሙሉ ጉዞው 0.33 ሊትር አየር ይገፋል። ፍጹም በተዘጋ 3 ሜትር ኩብ ጋቢና ውስጥ ይህ በባሕር ጠለል ላይ 15.6 ፓስካል ከፍተኛ የግፊት ለውጥ፣ ማለትም ወደ 115 ዴሲቤል የሚጠጋ ድምፅ ያስገኛል። ይዘቱ ግማሽ በሆነ ነጠላ ጋቢና ውስጥ ያው ስፒከር ያንኑ ጉዞ ቢጓዝ ግፊቱ በእጥፍ፣ ድምፁም በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። በጠባቡ ጋቢና ትልቅ ሳጥን ማስገባት የማይቻል መሆኑን ተፈጥሮ ራሷ በከፊል ትክሳለች ማለት ነው።

3. ዝግ ሳጥን ወይስ ባለ መተንፈሻ

የሁለቱ ሳጥኖች ታሪክ ለምርጫው ብርሃን ይሰጣል። በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው አልበርት ቱራስ የስፒከሩን የኋላ ድምፅ በመተንፈሻ አማካይነት ለጥቅም የሚያውል ሳጥን ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1932 የፈጠራ መብት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤድጋር ቪልቸር ከሄንሪ ክሎስ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያለውን አየር ራሱን እንደ ምንጭ ተጠቀመበት፤ በዚህም ትንሽ ሳጥን ዝቅተኛ ድምፅ ሊያወጣ እንደሚችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1961 አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሪቻርድ ስሞል ባሳተሟቸው ጥናቶች የሳጥን ንድፍ ከሙከራና ከግምት ወጥቶ በስፒከሩ መለኪያዎች የሚሰላ ሆነ። በሆፍማን ስም የሚጠራው ሕግም ከዚሁ ዘመን የመጣ ነው፤ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ድምፅና ከፍተኛ ብቃት በአንድነት አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይለቅቃል።

በዝግ ሳጥን ውስጥ የታመቀው አየር በስፒከሩ ማንጠልጠያ ላይ ተጨማሪ ምንጭ ይሆናል። አዲሱ ሬዞናንስ የሚገኘው አቻውን የአየር ይዘት ለሳጥኑ ይዘት በማካፈል፣ በውጤቱ ላይ 1 በመደመርና የድምሩን ስኩዌር ሩት በነጻ ሬዞናንሱ በማባዛት ነው፤ የጥራት መጠኑም በዚያው ስኩዌር ሩት ይባዛል። ማሳያው ስፒከር በ20 ሊትር ሳጥን ውስጥ ሲገባ ሬዞናንሱ 55 ሄርዝ፣ የጥራት መጠኑ 0.78 ይሆናል። ከ55 ሄርዝ በታች የስፒከሩ ድምፅ ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር በ12 ዴሲቤል ይወርዳል። ጋቢናው ከ68.6 ሄርዝ በታች የሚሰጠው ድጋፍ በተመሳሳይ ልክ ወደ ላይ ይወጣል። ቁልቁለቱና አቀበቱ ሲደመሩ ለጥ ወዳለ ሜዳ ይቀርባሉ። የዝግ ሳጥን ዋነኛ ጥቅም ይህ መጣጣም ነው።

ባለ መተንፈሻው ሳጥን ከተቃኘበት ድግግሞሽ በላይ የበለጠ ድምፅ ይሰጣል፤ በመቃኛው አካባቢ የኮኑን ጉዞም ይቀንሳል። ከመቃኛው በታች ግን በ24 ዴሲቤል ቁልቁል ይወርዳል፤ ኮኑም የአየር ምንጩን ስለሚያጣ ያለ ልጓም ይንቀሳቀሳል። በ35 ሄርዝ የተቃኘ ሳጥን በሜዳ ላይ እስከ መቃኛው ለጥ ያለ ድምፅ ቢኖረው በጋቢና ውስጥ በዚያው አካባቢ በንድፈ ሐሳብ ከ11 ዴሲቤል በላይ የሆነ ጉብታ ያገኛል። ተሳፋሪዎች «ይጎርራል፣ ግን አይለይም» የሚሉት ድምፅ ብዙውን ጊዜ የዚህ ጉብታ ውጤት ነው።

የቦታ ጥያቄም አለ። ውስጣዊ ዲያሜትሩ 7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ 40 ሊትር ሳጥንን በ35 ሄርዝ ለመቃኘት 21 ሴንቲ ሜትር ያህል መርዘም አለበት። ሳጥኑ ወደ 20 ሊትር ሲወርድ የቱቦው ርዝመት ወደ 48 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ቱቦውን ማቅጠን ያሳጥረዋል፤ ነገር ግን በጠባብ ቱቦ የሚሮጠው አየር ያፏጫል። ስለዚህ መተንፈሻ ያለው ሳጥን ከመቀመጫ ሥር በሚገኝ ቦታ ሲሠራ ጥቅሙ ይሸረሸራል። በአንጻሩ ቦታው ከተገኘና የሚፈለገው በተወሰነ ድግግሞሽ ላይ ከፍ ያለ ድምፅ ብቻ ከሆነ ባለ መተንፈሻው ሳጥን ተመራጭ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከመቃኛው በታች ያለውን የሚያስቀር ማጣሪያ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሊኖር ይገባል።

4. ከክፍት ቦታ ወደ ሊትር

በገበያ ላይ የሳጥን ይዘት ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በውጭ ልኩ ነው። ለስፒከሩ የሚሠራው ግን ውስጡ ያለው አየር ነው። ርዝመቱ 88፣ ወርዱ 29፣ ቁመቱ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ሳጥን በውጭ ልኩ 35.7 ሊትር ቦታ ይይዛል። ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ሲሠራ የውስጥ ይዘቱ 22.3 ሊትር ነው፤ ስፒከሩና የውስጥ ድጋፎቹ 2.3 ሊትር ቢወስዱ 20 ሊትር ይቀራል። ከተያዘው ቦታ 44 በመቶው ለአየር አይውልም። በውጭ ልኩ ተመሳሳይ የሆነ፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሳጥን ቢሠራ ስፒከሩ ከመቀነሱ በፊት 25 ሊትር ያህል ውስጣዊ ይዘት በኖረው ነበር። ጠፍጣፋነት ዋጋ አለው፤ ቦታው ካላስገደደ በስተቀር ቁመትን ከመቀነስ ርዝመትን መቀነስ ይሻላል።

ጥልቀትም እንዲሁ ይታሰባል። በዚህ ሳጥን ከስፒከሩ ክፈፍ እስከ ተቃራኒው ግድግዳ ያለው 12.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ከማግኔቱ ጀርባ ላለው የማቀዝቀዣ ቀዳዳ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢተው ስፒከሩ ከ9.7 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊጠልቅ አይችልም። ይህም በቂ የኮን ጉዞ ያለው፣ ለጠባብ ቦታ የተሠራ ስፒከር ያስፈልጋል ማለት ነው። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ደግሞ በ29 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላይ ክፈፉ አያርፍም። እንግዲህ የስፒከሩን ስፋት የሚወስነው ፍላጎት ሳይሆን የመቀመጫው ሥር ነው። ሳጥኑ ከመሠራቱ በፊት ልኩን በካርቶን ቆርጦ፣ መቀመጫውን አጥፎና ዘርግቶ መፈተሽ ብዙ እንጨትና ድካም ያድናል።

5. የከፍታ ውጤት

የስፒከር መለኪያዎች በአብዛኛው ለባሕር ጠለል የአየር ግፊት ይሰላሉ። በአዲስ አበባ፣ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 76 በመቶ ያህል ነው። የአየር ምንጭነት ከግፊቱ ጋር ቀጥተኛ ተዛምዶ ስላለው ከታመቀው አየር የሚገኘው ግትርነትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የስፒከሩ አቻ የአየር ይዘት ከ40 ወደ 30.4 ሊትር ይወርዳል። በዚያው የ20 ሊትር ሳጥን ውስጥ ሬዞናንሱ ከ55 ወደ 51 ሄርዝ፣ የጥራት መጠኑም ከ0.78 ወደ 0.71 ይለወጣል። የኋለኛው አኃዝ ለጥ ያለ ድምፅ የሚሰጠው 0.707 ላይ የደረሰ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በባሕር ጠለል የተሰላው ባሕርይ እንዲጠበቅ ከተፈለገ በአዲስ አበባ የሚሠራው ሳጥን 15.2 ሊትር ሊሆን ይችላል። ለእግር ወይም ለክሪክ ማስቀመጫ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ አይደለም። ሁለተኛ፣ ተሽከርካሪው በከፍታዎች መካከል የሚመላለስ ከሆነ ባሕርዩ አብሮ ይለዋወጣል። ባለ 15.2 ሊትሩ ሳጥን ወደ ጅቡቲ ወደብ ሲወርድ የጥራት መጠኑ 0.86 ይሆናል፤ ድምፁም በሬዞናንሱ አካባቢ ትንሽ ያብጣል። ባለ 20 ሊትሩ ግን በሁለቱም ቦታ ከ0.71 እስከ 0.78 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይቆያል። ቆላና ደጋ ለሚመላለስ ፒክአፕ ሰፋ ያለው ሳጥን የተሻለ መተማመኛ ነው።

የድምፁ ጣሪያ ግን በሳጥን አይካካስም። በ76 በመቶ ግፊት ያው የኮን ጉዞ የሚሰጠው ድምፅ በ2.4 ዴሲቤል ያነሰ ነው፤ ቀደም ሲል የተሰላው 115 ዴሲቤል ወደ 112.4 ይወርዳል። በእኩል የአምፕሊፋየር መጠን ከሬዞናንሱ በታች የሚታየው ልዩነት 0.9 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ምንጩ የላላው ኮን 19 በመቶ ያህል ጨምሮ ይጓዛል። አድማጩ ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል፤ ስፒከሩ ግን ወደ ጉዞው ገደብ ቀድሞ ይደርሳል። በደጋ «አልበቃም» ተብሎ ኃይል የሚጨመርበት ስፒከር የሚጎዳበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የባለ መተንፈሻ ሳጥን መቃኛ በአንጻሩ በከፍታ አይለወጥም፤ የሚመሠረተው በድምፅ ፍጥነት ላይ ሲሆን ፍጥነቱ የሙቀት እንጂ የግፊት ተገዥ አይደለም።

6. አቀማመጥና አቅጣጫ

በግፊት ክልሉ ውስጥ ሳጥኑ በመቀመጫው ሥር ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ፣ ኮኑም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መመልከቱ በድምፁ ላይ የጎላ ለውጥ አያመጣም። አቅጣጫው የሚመረጠው በሌሎች ምክንያቶች ነው። ወደ ታች የሚመለከት ኮን ከእግርና ከዕቃ ይጠበቃል፤ በክብደቱ ይወርዳል የሚለው ስጋት ግን ሊሰላ ይችላል። ነጻ ሬዞናንሱ 32 ሄርዝ የሆነ ኮን በራሱ ክብደት የሚወርደው 0.24 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከ10 ሚሊ ሜትር ጉዞ አንጻር ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ይልቁንም የሚያሳስበው የአየር መውጫው ነው። ከኮኑ ፊት ያለው ክፍተት ከኮኑ ሬዲየስ ግማሽ ሲሆን ዙሪያውን የሚገኘው መውጫ ከኮኑ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል። ለማሳያው ስፒከር ይህ 5.1 ሴንቲ ሜትር ነው። የ14 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ወለል ላይ ወይም ትራስ ሥር ሲቀመጥ ጠቅላላ የሚያስፈልገው ቁመት 19 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ክፍተቱ ሲጠብ አየሩ በኮኑ ላይ ተጨማሪ ክብደት ይሆናል፤ የአየር ፉጨትም ይሰማል። የኋላ ግድግዳውን የአየር ማስወጫ በሳጥን መድፈንም አይገባም፤ በር ሲዘጋ አየር የሚወጣውና ንጹሕ አየር የሚዘዋወረው በእርሱ ነው።

ከግፊት ክልሉ በላይ አቀማመጥ ዋጋ ያገኛል። በ68.6 ሄርዝ የሚፈጠረው የርዝመት ሞገድ ግፊቱ በጋቢናው ሁለት ጫፎች ከፍተኛ፣ በመካከሉ ደግሞ ዝቅተኛ ነው። የአሽከርካሪው ጆሮ ወደ መካከለኛው መስመር በቀረበ መጠን በዚያ ድግግሞሽ አካባቢ ድምፁ ይጎድልበታል፤ የኋላ ተሳፋሪው ግን ይበዛበታል። ይህን ጉድለት ኃይል በመጨመር መሙላት አይቻልም። መፍትሔው ሰብዉፈሩ የሚያቆምበትን ድግግሞሽ ዝቅ አድርጎ ያንን ክልል ለበር ስፒከሮች መተው፣ የሁለቱን ምንጮች የሽቦ አቅጣጫም አገላብጦ መሞከር ነው። በ80 ሄርዝ የ40 ሴንቲ ሜትር የርቀት ልዩነት 34 ዲግሪ ብቻ የምዕራፍ ልዩነት ሲያመጣ፣ የተገለበጠ ሽቦ 180 ዲግሪ ያመጣል።

የመጨረሻው ፍርድ የልኬት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መስኮቶቹ ተዘግተው፣ ማይክሮፎኑ በአሽከርካሪው ጆሮ ቦታ ተተክሎ ከ20 እስከ 120 ሄርዝ ያለው ድምፅ ይለካል፤ ልኬቱ ከኮኑ አጠገብ ከተወሰደው ጋር ሲነጻጸር የጋቢናው ድርሻ ተለይቶ ይታያል። በዚህ ጊዜ የኤ ሚዛን የተጫነበት መለኪያ ያሳስታል፤ በ40 ሄርዝ ከእውነተኛው ድምፅ ወደ 35 ዴሲቤል የሚጠጋ ይቀንሳልና።

7. ደኅንነት

13.4 ሊትር ኤምዲኤፍ 10 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስፒከሩ 5 ኪሎ ግራም ቢሆን ሳጥኑ 15 ኪሎ ግራም ይሆናል። በግጭት ጊዜ የመሬት ስበትን 20 እጥፍ የሚያህል የፍጥነት ለውጥ ቢደርስ ይህ ሳጥን 300 ኪሎ ግራም በሚመዝን ዕቃ ልክ ወደ ፊት ይገፋል። ከፊቱ ያሉት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በማጣበቂያ ጨርቅ ወይም በመቀመጫው ክብደት ብቻ መያዝ በቂ አይደለም፤ በብሎን ከወለሉ ጋር መታሰር አለበት። ከመብሳት በፊትም ከወለሉ በታች የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች፣ ከላይም የኤርባግና የቀበቶ ሽቦዎች የሚያልፉበት መንገድ ይታያል።

300 ዋት ለሚሰጥ፣ ብቃቱ 80 በመቶ ለሆነ አምፕሊፋየር ከ13.8 ቮልት ምንጭ 27 አምፒር ያህል ያስፈልጋል። ይህን የሚሸከም ሽቦ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ከሌለው በላሜራ ተቆርጦ ቢነካካ ጋቢናውን ሊያቃጥል ይችላል። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ቦታውም በአምፕሊፋየሩ ሳይሆን በባትሪው በኩል ነው።

8. ማጠቃለያ

በደብል ጋቢና ፒክአፕ የሰብዉፈር ንድፍ ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ክፍት ቦታው ይለካል፤ ከእርሱ የውስጥ ይዘቱ ይሰላል፤ ይዘቱ የስፒከሩን ዓይነት፣ የስፒከሩ መለኪያ ደግሞ ሬዞናንሱን ይወስናል። የአምፕሊፋየር ኃይል የመጨረሻው ጥያቄ ነው። በተወሰደው ማሳያ 20 ሊትር ዝግ ሳጥን ከጋቢናው ድጋፍ ጋር ሲደመር ትልቅ ሳጥን የሚፈለግበትን አብዛኛውን ምክንያት ያስቀራል። በደጋ ለሚሠራ ሳጥን የአየር ግፊት በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህን ያላደረገ ንድፍ ከሚያስፈልገው በላይ ቦታ ይወስዳል፣ ስፒከሩንም ሳያውቅ ወደ ገደቡ ይገፋል። የጋቢናው መፍሰስና መርገብገብ ከሞዴል ወደ ሞዴል ስለሚለያይ፣ በአንድ ተሽከርካሪ በአዲስ አበባና በቆላ የሚደረግ ተመሳሳይ ልኬት እዚህ የቀረበውን ስሌት ለመፈተን አመቺና በአነስተኛ ወጪ የሚከናወን የምርምር ሥራ ይሆናል።